ብርድ አይደለም፣ አቧራ ነው

ረጅም ነው፤ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። ባስተማርኩባቸው ዓመታት አርፍዳችሁ በመምጣታችሁ ክፍል ያስጠረግኳችሁ ልጆች በሙሉ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ሥራ ይዛችኋል፣ አንዳንዶቻችሁም ወልዳችኋል። «ቲቸር ደግሞ ዛሬ ምን ነካው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የነካኝን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ወሩ የካቲት፣ ነፋሱና አቧራው የሚብስበት ጊዜ። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ግን በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ታረፍዳለች። እኔ ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ነኝ፣ ሕጌም የታወቀ ነው፦ ያረፈደ በማግስቱ ከሰልፍ በፊት መጥቶ ክፍሉን ይጠርጋል። ክርክር የለም። እሷም አልተከራከረችም። በማግስቱ በጊዜ መጥታ ከስልሳ በላይ ልጅ የሚቀመጥበትን ክፍል ብቻዋን ጠረገች።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የኔ ነበር። ባዮሎጂ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሄድኩም፤ ከኋላ ወንበር የፉጨት ድምፅ ሰማሁ። ልጆቹ የሚቀልዱ መስሎኝ ተቆጣሁ። ፉጨቱ ከልጅቷ ደረት የሚወጣ ነበር። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ አየር ፍለጋ ትታገላለች። ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስናት። እዚያ በጭንብል የሚሳብ መድኃኒት ሰጧትና ከአንድ ሰዓት በኋላ መናገር ቻለች። አስም ነው አሉን።

እናትየው ሮጠው ሲመጡ ያሉኝን እስከዛሬ አልረሳሁትም። «ቲቸርዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታስል ነው የምታድረው። እንቅልፍ የሚወስዳት ሊነጋ ሲል ነው። ለዚህ እኮ ነው የምታረፍደው። ብርድ ነው፤ ቤታችን ብርድ ይገባዋል። መስኮቱን በላስቲክ አሽጌዋለሁ፣ ግን አልተዋትም።»

እስቲ አስቡት። ልጅቷን ሌሊት የሚያስላት አቧራ ነው። ስታስል ስላደረች ታረፍዳለች። ስላረፈደች እኔ፣ ስለ ሳንባ የማስተምረው ሰውዬ፣ በአቧራ እቀጣታለሁ። እናትየው ደግሞ በእናት ፍቅር መስኮቱን አሽገው አቧራውን አብሯት ያሳድሩታል። ሁላችንም ለልጅቷ የምናስብ ሰዎች ነበርን። ተባብረን ልንገድላት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ነገር ስከታተል፣ ሳነብ፣ የጤና ባለሙያ ጓደኞቼን ስነዘንዝ ነው የቆየሁት። ዲፕሎማ ያለኝ አስተማሪ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን ይህን ለማለት ሐኪም መሆን አያስፈልግም፦ እኛ ሰዎች የማያጠፋውን ብርድ እናሳድዳለን፣ የሚያጠፋንን አቧራ በየጠዋቱ በገዛ እጃችን ከወለል አንስተን ወደ ሳንባችን እንልካለን። ያንንም ጽዳት ብለን እንጠራዋለን።

«አቧራ ምን ያደርጋል?» ለምትሉ

የቤት አቧራ አፈር ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ በጫማችን ይዘነው የገባነው አፈር አለበት። የሲሚንቶና የአሸዋ ብናኝ፣ የከሰልና የምጣድ ጥላሸት አለበት። ከገላችን የሚረግፍ ቆዳ፣ የልብስ ጭረት፣ የድመት ጸጉር፣ የበረሮ ኩስና ስብርባሪ አለበት። ክረምት የረጠበ ግድግዳ ያበቀለው ሻጋታ፣ ለቁንጫና ለትኋን የረጨነው ፍሊት፣ ከአሮጌ በርና መስኮት የተላጠ ቀለም አለበት። ፍራሽና ትራስ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ፣ የቆዳችንን ርጋፊ የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይኖራሉ፤ የነሱ ኩስ አስም ያለበትን ሰው ከሚቀሰቅሱ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። በረሮም እንደዚያው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራው በዓይናችን የምናየው አይደለም። የምናየውን አፍንጫችን ይይዘዋል፤ በንፍጥና በአክታ ይወጣል። ችግሩ ያለው ትንሹ ላይ ነው። አንድ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ጸጉር ውፍረቱ ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ቅንጣት ከጉሮሮ አልፎ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ይወርዳል። ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው እስከ አየር ከረጢቶቹ ይዘልቃል፤ ከነሱም በጣም ትንንሾቹ ወደ ደም ይገባሉ። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የአየር ብክለትን ከሳንባ በሽታ ብቻ ሳይሆን ከልብ ድካምና ከስትሮክ ጋር አያይዞ የሚናገረው። ድርጅቱ በ2021 ያወጣው መመሪያ የዚህ ደቃቅ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል። የአዲስ አበባ አየር ይህን በበርካታ እጥፍ ያልፋል። ጠዋት እንጦጦ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብታዩ ከተማው ላይ የተኛውን ቡናማ ጭጋግ ታገኙታላችሁ። ያ ጉም አይደለም።

አሁን ወደ መጥረጊያው ልመለስ። ከፊዚክስ አስተማሪው ጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። በተዘጋና ነፋስ በሌለበት ክፍል፣ ክብደቱ እንደ ውሃ የሆነ ቅንጣት ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ወለል ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? 10 ማይክሮን የሆነው 8 ደቂቃ ያህል። 2.5 ማይክሮን የሆነው 2 ሰዓት ያህል። 1 ማይክሮን የሆነው ደግሞ ግማሽ ቀን። የአፈር ቅንጣት ከውሃ ስለሚከብድ ፈጠን ይላል፤ ነገር ግን በስልሳ ልጅ እንቅስቃሴ መሃል የተረጋጋ አየር የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ሊያርፍ የነበረው መልሶ ይነሳል።

በትምህርት ቤት ሰዓት ልተርጉመው። ክፍሉ በደረቁ የሚጠረገው ከ2 ሰዓት በፊት ነው። ባንዲራ ይሰቀላል፣ ልጆቹ ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ «ብርድ ነው» ተብሎ መስኮቱም ይዘጋል። እስከ እረፍት ድረስ ያ ሁሉ ልጅ የጠዋቱን ጥራጊ ሲተነፍስ ይቆያል። ወለሉ ያበራል፤ ርዕሰ መምህር ቢመጣ ያመሰግናል። ቆሻሻው የትም አልሄደም፣ አየሩ ላይ ነው።

የማታምኑ ከሆነ በቆርቆሮ ቤት ያደጋችሁ ሁሉ አንድ ነገር አስታውሱ። በሚስማር ቀዳዳ የምትገባ የፀሐይ ጨረር ነበረች አይደል? ውስጧ የሚጨፍረውን ብናኝ ተኝተን እናይ ነበር። ጨረሯ ያለችበት ቦታ ብቻ አቧራ ያለ ይመስለን ነበር። ቤቱ በሙሉ እንደዚያው ነበር፤ ያሳየችን እሷ ብቻ ናት።

ብርድ የሚባለው ተከሳሽ

በኛ ሀገር ብርድ የማይከሰስበት ወንጀል የለም። ወገብ ሲያም ብርድ ነው። ሆድ ሲቆርጥ ብርድ ነው። ልጅ ሲያስል ብርድ ነው። ኒሞኒያን ራሱ «የሳንባ ምች» ብለን ነው የምንጠራው፤ ምች ደግሞ ከነፋስና ከፀሐይ የሚመጣ ነው ብለን ስለምናምን ስሙ ራሱ ወደ መስኮቱ እንድንሮጥ ያደርገናል። ዳማከሴን አልናቅኩም፤ እኔም በዳማከሴ ነው ያደግኩት። ግን የሳንባ ምች የሚመጣው ከጀርም ነው። ለጀርሙ በር የሚከፍትለት ደግሞ በጭስና በብናኝ የቆሰለ ሳንባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ የሚያድግ ሕፃን በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ሊሆን ይጠጋል።

እርግጥ ነው፣ ቀዝቃዛ አየር አስም ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ይችላል። ይህን አልክድም። መፍትሔው ግን ልብስ መደረብ ነው። ብርድን በጋቢ ትከላከለዋለህ። አቧራን በጋቢ አትከላከለውም።

ታክሲ ውስጥ ያለውን ትርዒት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ፣ ወይም ከመገናኛ ኮተቤ። አሥራ ምናምን ሰው ተጨናንቋል፣ መስታወቱ በእስትንፋስ ላብ ጨልሟል፣ አንዱ ከኋላ ያስላል። ትንሽ መስኮት ስትከፍት ከሦስት አቅጣጫ «ወንድም፣ ዝጋው እንጂ ብርድ ነው!» ይመጣብሃል። የሚያስለውን ሰውዬ ማንም አይቆጣም። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከከበደባቸው 30 የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ቲቢ የሚተላለፈው በተዘጋ ቤትና በተዘጋ መኪና ውስጥ ባለ አየር ነው። ማን ነው ታዲያ ጠላታችን፣ በመስኮት የሚገባው ወይስ እንዳይወጣ የከለከልነው?

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ እንወጣለን። ፓርኩ በ2013 ከተመረቀ ወዲህ ይሄ ልማድ ሆኗል። «ንጹህ አየር!» ብለን እጃችንን ዘርግተን ፎቶ እንለጥፋለን። ማታ ቤታችን ገብተን መስኮት ዘግተን፣ ከሰል አያይዘን፣ ዕጣን አጭሰን፣ በአሮጌ ምንጣፍ ላይ እንቀመጣለን። እኔም አደርገዋለሁ፤ ሌላውን ብቻ የምከስ እንዳይመስላችሁ።

የእናቴ ነገር

እኔ ያደግኩት ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። የምትጋግረው በባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ቅጠሉን የሚያመጡት በጀርባቸው የሚሸከሙት የእንጦጦ እናቶች ናቸው፤ ጎንበስ ብለው፣ ከቁመታቸው የሚረዝም ሸክም ይዘው፣ በጉራራ ቁልቁለት ሲወርዱ ያላየ የሰፈራችን ልጅ የለም። በምኒልክ ዘመን ለማገዶ እጥረት መፍትሔ ተብሎ የመጣው ዛፍ ይህን ከተማ ከመፍረስ አድኖታል። ሂሳቡን ግን የከፈሉት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ በወገቧ፣ ሌላዋ በሳንባዋ።

እናቴ ማሳል ከጀመረች ስንት ዓመቷ ነው። እኛ ያው «ብርድ ነው» እያልን ዝንጅብልና ማር እናፈላላታለን። በመጨረሻ ደረጃ መውጣት ሲያቅታት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ በአክብሮት «እማማ፣ ሲጋራ ስንት ዓመት አጭሰዋል?» አላት። እናቴ ሳቀች። «ሲጋራ? እኔ?» ሐኪሙ ግን እየቀለደ አልነበረም። አጫሽ የሚያገኘውን የሳንባ ጉዳት እናቴም አግኝታዋለች፤ ከጓዳ።

እናቴ ብቻዋን አይደለችም። በኢትዮጵያ ከአሥር ቤት ከዘጠኝ በላይ የሚሆነው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በቅጠል ነው የሚያበስለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ይላል። ጭሱ ደግሞ እሳቱ ሲጠፋ አይጠፋም። ጥላሸት ሆኖ ግድግዳውና የአቡጀዴው ኮርኒስ ላይ ይለጠፋል፣ ይረግፋል፣ አቧራ ይሆናል፣ ጠዋት በመጥረጊያ ይነሳል። ማታ ያልተነፈስከውን ጠዋት ትተነፍሰዋለህ።

አሁን ደግሞ የግንባታው ተጨመረ። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከጀመረ ወዲህ ቀበናና መገናኛ አካባቢ የምትኖሩ ምን እንደምል ታውቃላችሁ። እኔ ስለ ልማቱ ፖለቲካ አልጽፍም፤ የምጽፈው ስለ ብናኙ ነው። ድንጋይ፣ ሲሚንቶ፣ ሴራሚክ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ውስጥ ሲሊካ አለ። ሲሊካ ሳንባን ያጠነክራል፣ ጠባሳ ያደርገዋል፤ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ አንዴ ከያዘ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። ካንሰር እንደሚያመጣም ተረጋግጧል። ያን ዱቄት ግራይንደር ይዞ፣ አፉን በሻርፕ ጠቅልሎ የሚስበው የሃያ ዓመት ወጣት ነው። ከናንተ መካከል ተማሪዬ የነበረ አለበት፤ መንገድ ላይ አግኝቼው «ቲቸር!» ብሎኝ ያውቃል። ፊቱ ዱቄት ለብሶ መጀመሪያ አላወቅኩትም ነበር።

መልስ ልስጥ

ኮሜንት ላይ የሚመጣውን ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስ።

«አያቶቻችን በጭስና በአቧራ ኖረው ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል።» አዎ፣ ዘጠና የደረሱትን እናውቃቸዋለን፤ ታሪክ ይነግሩናል። በሁለት ዓመታቸው «ብርድ መታቸው» ተብሎ የተቀበሩት ወንድምና እህቶቻቸው ግን ምንም አይነግሩንም። አያታችሁን ስንት ወልደው ስንት እንደቀረላቸው ጠይቋቸው።

«ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ወለል በውሃ ጥረጉ ትላለህ?» ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሲፈልግ ነው። ግን አንድ ክፍል ለመርጨት አንድ ጆግ ይበቃል። እግር የታጠብንበት ውሃ ይበቃል። ልብስ ያለቀለቅንበት ውሃ ይበቃል።

ደግሞም ይህ የፈረንጅ ብልሃት አይደለም! እናቶቻችን የአፈር ወለል ሲጠርጉ መጀመሪያ ውሃ በእጃቸው ረጨት ረጨት ያደርጉ አልነበረም? «ሳትረጪ አትጥረጊ» ተብላችሁ ያልተቆጣችሁ ሴቶች አላችሁ? ወለሉን በእበት ይለቀልቁት የነበረውስ ለምን ይመስላችኋል? አቧራ እንዳይነሳ ነው። አያቶቻችሁን መጥራት ካማራችሁ በዚህ ጥሯቸው። ወለላችን ሲሚንቶና ፕላስቲክ ምንጣፍ ሲሆን መርጨቱን ተውነው፤ መጥረጊያውን ብቻ አስቀረን። ሠለጠንን ብለን ካወቅነው በታች ወረድን።

«ነጠላ አፍ ላይ ማድረግ ይበቃል።» ነጠላ ትልልቁን ይይዛል፣ ከምንም ይሻላል። ደቃቁን ግን አይዝም። ደቃቁን የሚይዘው ፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ ኤን95 የሚባለው ማስክ ነው።

«የሚነፋ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል፣ ልብ ያደክማል።» ይህ ወሬ ስንት ሰው እንደጎዳ! አስም ያለበት ሰው በሐኪም የታዘዘለትን የሚሳብ መድኃኒት ሱስ ይሆንብኛል ብሎ ማቆም የለበትም። ሱስ አያስይዝም። ያቋረጠው ሰው ነው ሌሊት አየር አጥቶ የሚሮጠው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. በደረቁ አትጥረጉ። ረጭታችሁ ጥረጉ፣ ወይም በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ጠረጴዛና ቁም ሳጥን በላባ ወይም በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ አቧራን ማዛወር ነው። ጨርቁን አርጥቡት።

2. ስትጠርጉ በርና መስኮት ይከፈት፤ ቢቻል ፊት ለፊት ያሉ ሁለት፣ አየሩ እንዲያልፍ። ሕፃናትና አስም ያለባቸው ሰዎች ከቤት ይውጡ፤ ወዲያው አይመለሱ። ሕፃን ለወለል ቅርብ ነው፣ ከሰውነቱ አንጻር ከኛ የበለጠ አየር ይስባል፣ እጁንም ወደ አፉ ይወስዳል። አሮጌ የዘይት ቀለም ያለበት ቤት ውስጥ ይህ ይበልጥ ያሳስባል፤ በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። የተላጠ ቀለም በደረቁ በአሸዋ ወረቀት አትፈግፍጉ።

3. መስኮት በየቀኑ ይከፈት። ጎረቤት ግንባታ ካለ ሲቆርጡና ሲያፈርሱ ዝጉ፣ ሲያቆሙ ክፈቱ። ከዝናብ በኋላ ያለው አየር የታጠበ ነው፤ አትዘጉበት።

4. ጫማ በር ላይ ይውለቅ። በር ላይ እርጥብ ጆንያ አንጥፉ። ይሄ ብቻውን ብዙ አፈር ያስቀራል።

5. አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ፍራሽና ብርድ ልብስ ፀሐይ ይሞቅ፤ ስትመቱት ግቢ አውጥታችሁ፣ ከነፋሱ ጀርባ ሆናችሁ። የአቡጀዴ ኮርኒስ ያላችሁ በዓመት አንዴ አውርዳችሁ እጠቡት። አሥር ዓመት የተጠራቀመ ጥላሸት ከራሳችሁ በላይ ተሰቅሏል።

6. ከሰል ደጅ ይቀጣጠል። ቀልቶ ጭሱ ስለቆመ ግን ከጉዳት ነፃ ሆነ ማለት አይደለም። የማይሸትና የማይታይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ከሰል ይዞ በር ዘግቶ መተኛት ሞት ነው፤ በየዓመቱ እንሰማዋለን። ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ይጠቀም፤ የሌለው ጓዳውን ያናፍስ፣ ሕፃን አዝሎ እሳት ላይ አይቀመጥ።

7. ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ብርድ ነው» ብላችሁ ራሳችሁን አታክሙ። ደረቱ የሚያፏጭ ልጅ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ውሰዱት።

አንድ ስምንተኛ አለ፤ እሱ ግን ምክር ሳይሆን ጥያቄ ነው። ቤታችሁ ውስጥ መጥረጊያውን የሚይዘው ማን ነው? በክፍሌ ውስጥ ሳየው የኖርኩት ይህ ነው፦ ወንዶቹ ወንበር ያነሳሉ፣ ሴቶቹ ይጠርጋሉ። ቤትም እንደዚያው። እናት፣ እህት፣ ሠራተኛ። ያችን ከገጠር የመጣች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በየጠዋቱ የእናንተን አቧራ ታስስባላችሁ፤ ሲያስላት «ገጠር ሳለች የያዛት ነው» ትላላችሁ። ወንድሞቼ፣ ወለል መወልወል ወንድነት አይቀንስም። ወገባችሁን ትንሽ ያማችሁ ይሆናል፤ ብርድ ነው በሉት።

ለአለቆችም አንድ ቃል

ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች፦ አቧራን የቅጣት መሣሪያ ማድረግ ይቁም። እኔ አድርጌዋለሁ፣ አጥፍቻለሁ፣ እናንተም አቁሙ። ክፍል የሚጸዳው ማታ ልጆች ከወጡ በኋላ፣ ተረጭቶ፣ መስኮት ተከፍቶ ይሁን። ያኔ ያልረገፈው ሌሊቱን ይረግፋል፤ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፤ ሰዓት ማዛወር ብቻ ነው። አስም ያለባቸው ልጆች ስም ዝርዝር በየክፍሉ ኃላፊ እጅ ይኑር።

ለኮንትራክተሮች፦ ድንጋይና ሴራሚክ ውሃ እያፈሰሳችሁ ቁረጡ። የምታፈርሱትን እርጩት። አፈር የጫነ መኪና ሸራ ይልበስ። ለሠራተኛ ማስክ ስጡ፤ ሻርፕ ማስክ አይደለም። ለአስፋልቱ ማማር ቦቴ ሙሉ ውሃ ታመጣላችሁ፣ አበባውንም በየቀኑ ታጠጣላችሁ። ከአበባው አጠገብ ለሚኖረው ሰውስ?

ለእናንተ፣ ለወዳጆቼና ለተማሪዎቼ፦ ደጃችሁ ላይ በደረቁ ሲቆርጡ ዝም አትበሉ። በጨዋ ቋንቋ፣ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ፣ ወረዳ ድረስ ሂዱና ጠይቁ። ለመብራት ቆጣሪ ስንት ጊዜ ተሰልፈናል፤ ለሳንባችን አንድ ቀን ብንሰለፍ ምናለ?

ልጅቷን ለምትጠይቁኝ፦ ደህና ናት። መድኃኒቷን በሥርዓቱ ትወስዳለች፣ እናትየው ላስቲኩን ቀድደው መስኮቱን ከፍተውታል፣ ማርፈዱም ቀርቷል። እኔም ሕጌን ቀይሬያለሁ። ያረፈደ የሚቀጣው ሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄ ሠርቶ ይመጣል። ልጆቹ «መጥረጉ ይሻለን ነበር» ይላሉ። ይበሉ።

ከእናቴ ጋር ግን አሁንም አልተስማማንም። እኔ ጠዋት መስኮት እከፍታለሁ፤ ዞር ስል ትዘጋዋለች። ትናንት ደግሞ ጋቢዬን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጌ ከፈትኩት። ትንሽ አጉረመረመችና ተወችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ክፍት ቆየ። ዛሬ እንደገና እሞክራለሁ።

ነገ ጠዋት መጥረጊያ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጆግ ውሃ ያዙ። ለእናቶቻችሁም አንብቡላቸው። ሼር ብታደርጉት አልጠላም። ያስጠረግኳችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ውጡና ስደቡኝ፤ ይገባኛል።